የምድር ዕረፍት፤ ስለ ደብራችን ዱር የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።

ይህ ሕንፃ ተሠርቶ ቅዳሴ ቤቱ የተከበረበት 50ኛ ዓመት ስለ ደረሰ በበዓሉ ላይ አንድ ቃል እንድናገር ታዝዣለሁ። ከእኔ የሚበልጡ መምህራን ተቀምጠው ሳሉ መናገር ድፍረት ነው፤ የታዘዙትን አለመፈጸምም ሌላ ድፍረት ነው። ከሁለቱ የሚቀልለውን መርጬ እናገራለሁ።

ኢዮቤልዩ የሚለውን ስም ሁላችንም ሰሞኑን በአፋችን ይዘነዋል፤ ትርጓሜውን ግን ብዙ ሰው አይጠይቅም። በኦሪት ዘሌዋውያን ሥርዓት ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ከተቈጠረ በኋላ 50ኛው ዓመት ይቀደሳል፤ ቀንደ መለከት ይነፋል፤ ባሪያ አርነት ይወጣል፤ የተሸጠ ርስት ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ከዚህም ጋር በዚያ ዓመት አይዘራም፥ አይታጨድምም፤ ምድር ታርፋለች። እንግዲህ በዓሉ አስቀድሞ የምድር በዓል ነበረ። እኛ ግን ኢዮቤልዩ ስንል ድንኳን መትከል፥ ሰንጋ መጣል፥ መጽሔት ማሳተም መስሎን ቀርቷል። ይህን ማለቴ በዓሉን ለመንቀፍ አይደለም፤ ሰንጋውም ይጣል፥ መጽሔቱም ይታተም። ነገር ግን የበዓሉ ባለቤት ከግብዣው እንዳትቀር አሳስባለሁ።

ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ይህችን ቤተ ክርስቲያን እንደ መጎናጸፊያ ስለ ከበባት ዱር ነው። ሰው ከፍጥረት ጋር ተስማምቶ መኖር ማለት ምን እንደ ሆነ ከዚህ ዱር የተሻለ አስረጅ በአገራችን አላገኘሁም።

መምህሮቻችን ሥነ ፍጥረትን ሲያስተምሩ ሰው በሥጋው ከአራቱ ባሕርያት፥ ከመሬት፥ ከውኃ፥ ከነፋስና ከእሳት ተፈጠረ ይላሉ። እነዚህ አራቱ በጠባያቸው የማይስማሙ ናቸው። ውኃ እሳትን ያጠፋል፥ እሳት ውኃን ያደርቃል፥ ነፋስ የመሬትን ትቢያ ይበትናል። በሰው አካል ግን በፈጣሪ ጥበብ ተስማምተው ይኖራሉ፤ አንደኛው በሌላው ላይ የሠለጠነ እንደ ሆነ ሰውየው ይታመማል። አገርም እንደዚሁ ነው። ዛፍ ውኃንና መሬትን የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው። ዝናሙን በቅጠሉ ተቀብሎ ኃይሉን ያበርዳል፤ በሥሩም አፈሩን ይዞ ውኃውን ቀስ አድርጎ ወደ ውስጥ ያሰርገዋል፤ ያም ውኃ በበጋ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ሽማግሌው ከመካከል በተነሣ ጊዜ ግን ውኃ በመሬት ላይ ይሠለጥናል። ይህን የሚጠራጠር ሰው ቢኖር በሐምሌ ወደ ስማዳ ዳርቻ ወርዶ የበሽሎን ቀለም ይይ፤ ያ የሚወርደው ውኃ ብቻ አይደለም፥ እርሻችን ነው።

ዳግመኛም ዕፅዋት በሠሉስ፥ ይኸውም በማክሰኞ፥ እኛ ግን በዓርብ እንደ ተፈጠርን ሕፃን ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ዛፍ በሦስት ቀን ታላቃችን ነው፤ በጋይንትም ሆነ በእስቴ ታላቅን ማቃለል ነውር ነው። አዳምም በገነት ሲኖር ሥራ ፈት አልነበረም፤ ሁለት ግብር ተሰጥቶት ነበር፤ አንደኛው ማበጀት፥ ሁለተኛው መጠበቅ ነው። ከእነዚህ አንዱን ይዞ ሁለተኛውን የጣለ ሰው ግማሽ አዳም ነው። ያለ መጠበቅ የሚያበጅ አገር ያራቁታል፤ ያለ ማበጀት እጠብቃለሁ የሚልም፥ ወደ ኋላ እንደምናገረው፥ የሚጠብቀው ነገር በእጁ ላይ ያረጅበታል።

እንግዲህ ከፍጥረት ጋር መስማማት ማለት ዛፍ አይነካ ማለት አይደለም። እንደዚያማ ቢሆን ቤተ ክርስቲያን ራሷ አትቆምም ነበር። በማኅሌት የምንመታው ከበሮ ዋንዛ ነበረ። የምንደገፍበት መቋሚያ ወይራ ነበረ። በሩና መስኮቱ፥ ሠረገላውና ማገሩ ጽድ ነበረ። ልብሰ ተክህኖው ሳሙና ሳይታወቅ በእንዶድ ይታጠብ ነበር። የጧፉ ሰም ንብ ከዱር አበባ የሰበሰበችው ነው። በጋይንት ያለችውን ቤተ ልሔምን ያየ ሰው ያውቃል፤ በክቡ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሰውራ የምትገኘው ጥንታዊት ቤት በድንጋይና በእንጨት የታነጸች ናት፤ ያም እንጨት ያን ያህል መቶ ዓመት የቆየው በወቅቱ ዛፍ የሚያውቅ ሰው ስለ ቈረጠው ነው። አባቶቻችን ይቈርጡ ነበር፤ ነገር ግን ቈጥረው፥ ለይተው፥ አስፈቅደው ይቈርጡ ነበር።

አሁን አገራችንን እንመልከት። ከነፋስ መውጫ ተነሥቶ ወደ አርብ ገበያ የሚወርድ፥ ወይም ከመካነ ኢየሱስ ተነሥቶ ወደ ወገዳ የሚሻገር መንገደኛ ቀኑን ሙሉ የሚያየው እርሻና ገደል፥ ድንጋይና ግጦሽ ነው። ከዚህ መካከል በኮረብታ ራስ ላይ እንደ ጥቁር ጎፈር ያለ ዱር ሲያይ፥ ማንም ሳይነግረው፥ ባርኔጣውን ያወልቃል፤ በዚያ ታቦት እንዳለ ያውቃልና። በሌላ አገር ሰው ቤተ ክርስቲያንን በደወሉ ግንብ ያውቃታል፤ እኛ በዛፍዋ እናውቃታለን። ከዚህም ሁሉ በላይ ጉና ቆሟል። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ተራራ ሲሆን፥ ከእርሱ ከሚነሡት ውኆች ከፊሎቹ ርብና ጉማራ ሆነው ወደ ጣና ይገባሉ፤ ከፊሎቹም ወደ በሽሎ አቅጣጫ ወርደው ዞረው ከአባይ ይገናኛሉ። በቅዳሴያችን ስለ ዝናምና ስለ ወንዞች፥ ስለ ምድርም ፍሬ እንጸልያለን፤ ይህ ጸሎት በእኛ አገር የሩቅ ነገር አይደለም፤ የጸለይንበት ውኃ ከቅጥራችን ሥር ይፈልቃል።

ትምህርታችንም በዚሁ ጥላ ሥር ያደገ ነው። ድጓ የሚያስመሰክር ወደ ቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕት የሚያስመሰክር ወደ ዙር አባ ይሄድ ነበር፥ ዛሬም ይሄዳል። ሁለቱም በጋይንት ናቸው። የቅኔ ተማሪም አኩፋዳውን ይዞ ቁራሽ ለምኖ ከተመለሰ በኋላ ቅኔ የሚቈጥረው በጎጆው ውስጥ ሆኖ አይደለም፤ ወደ ዱር ገብቶ፥ ከአንድ ግንድ ሥር ተቀምጦ፥ ወፍና ቅጠል እያየ ነው። ዱሩ ቢጠፋ ተማሪው ምሳሌውን ከወዴት ያመጣል? ሰሙ ከጠፋ ወርቁ በምን ይሸፈናል? ይህን ለሚያውቁት ብቻ ተናግሬ አልፋለሁ።

የዘመኑ ሊቃውንትም የአባቶቻችንን ሥራ መርምረው መስክረዋል። በደቡብ ጎንደር ያደጉት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴ በዚሁ አገር የሚገኙትን የ28 አብያተ ክርስቲያናት ዱር ዞረው ዛፉን፥ ቍጥቋጦውንና ሐረጉን ቢቈጥሩ 168 ዓይነት አገኙ፤ ይህንንም ጽፈው በ2000 ዓ.ም.፥ በፈረንጆች 2007፥ በሆላንድ አገር በዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉበት። ከዱሮቹ አንዳንዱ ሁለት ሄክታር የማይሞላ ነበር፤ ትልቁ 100 ሄክታር ይደርስ ነበር። ከአገሩ ሁሉ የጠፋው ዝግባና ጽድ፥ ወይራና ኮሶ፥ ጥቁር እንጨትና ዋንዛ በእነዚህ ጥቂት ቦታዎች ተጠግቶ እንደ ስደተኛ ተጠልሏል። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ገብቶ የተማፀነ ሰው አይነካም ይባል እንደ ነበር ዛፉም እንዲሁ ተማፅኖ ዳነ።

ሌሎች የአሜሪካ ተመራማሪዎች ደግሞ ኢጣሊያኖች በ1938 በፈረንጆች አቈጣጠር ከአውሮፕላን ያነሡትን ፎቶግራፍ በ2015 ከሰማይ ከተነሣው ጋር አስተያዩት። ዱሩ ሁሉ አልቋል ብለው ለሚያለቅሱ ሰዎች መልሱ የሚያስደንቅ ነው፤ የአብያተ ክርስቲያናቱ ዱር በስፋቱ እምብዛም አልጐደለም። ከዚያ ወዲህ ስንት መንግሥት አለፈ! በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፤ የቤተ ክርስቲያን መሬት ተወሰደ፤ የ1977ቱ ረኃብ አለፈ፤ ሕዝቡም እጅግ በዛ። ይህ ሁሉ ሲሆን ያለ ዘበኛና ያለ ጠመንጃ፥ በአንድ ቄስ ገበዝ ቃልና በሕዝቡ ፍርሃተ እግዚአብሔር፥ ዱሩ ቆመ። ይህ ለእናንተና ለአባቶቻችሁ ክብር ነው፤ ልትኮሩበትም ይገባል።

ነገር ግን፥ አባቶቼ፥ የተጠራሁት ለማመስገን ብቻ እንዳልሆነ አምናለሁ። ስፋቱ አልጐደለም ማለት ዱሩ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። በቀድሞው ፎቶግራፍ በዱሩ ዙሪያ ይታይ የነበረው ቍጥቋጦ፥ ዛሬ ወደ እርሻ ተለውጧል፤ ማረሻው እስከ ዛፉ ሥር ደርሷል። ቍጥቋጦው ለዱሩ እንደ ቅኔ ማኅሌት ነበር፤ ነፋሱንና ፀሐዩን፥ ከብቱንም በዚያ ይቀበል ነበር። አሁን መቅደሱ ያለ ቅኔ ማኅሌት ቀርቷል። በዳርቻው ያሉት ዛፎች ፀሐይ ሲመታቸው ይደርቃሉ፤ እነርሱ ሲደርቁ ተራው ወደ ሚቀጥሉት ይደርሳል።

ከዚህም የሚከፋ አለ። ወደ ዱሩ ግቡና ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ተመልከቱ። ወደ ላይ ያየ ሰው ትልልቅ ጽዶችና ወይራዎች ያያል፥ ይደነቃል፥ ይወጣል። ወደ ታች ያየ ሰው ግን የጽድ ቡቃያ ቢፈልግ ይቸገራል፤ የሚያየው የከብት ኮቴና የተነጨ ሣር ነው። እነዚያ ትልልቆቹ አያቶች ናቸው፤ ልጆቻቸው ወዴት አሉ? አንድ ጉባኤ ቤት የኔታ ዓይናቸው እስኪፈዝ ድረስ ተቀምጠው እያስተማሩ፥ ከፊታቸው ግን አንድ ተማሪ ባይኖር፥ ያ ጉባኤ ቤት ቆሟል ይባላልን? የኔታ በሕይወት እስካሉ ድረስ ስሙ አለ፤ ባረፉ ማግስት ግን ያበቃል። የብዙ አድባራት ዱር ዛሬ እንዲህ ያለ ጉባኤ ቤት ነው።

ዘሩ በአፈር ውስጥ ተቀብሮ ይቆያል፥ ጊዜው ሲደርስ ይበቅላል የሚል ሰው ይኖራል። እኔም ይህን ከሽማግሌዎች ስሰማ ኖሬያለሁ። ዶክተር ዓለማየሁና ፕሮፌሰር ደምል ተክታይ ግን የእነዚህን ዱሮች አፈር ወስደው ሲመረምሩ፥ በአፈሩ ውስጥ ቆይቶ የተገኘው አብዛኛው የሣርና የአረም ዘር ነው፤ ከዛፎቹ የብዙዎቹ ዘር በአፈር ውስጥ አይቆይም። ስለዚህ ዛፉ ከወደቀ ከእርሱ ጋር ተስፋው ይወድቃል። ደግሞም በዱሩ ውስጥ ጥቂት ቦታ አጥረው ከብት እንዳይገባ ቢያደርጉ፥ በታጠረው ውስጥ የበቀለውና በሕይወት የቆየው ቡቃያ ካልታጠረው እጅግ በለጠ። አፈሩ ያው ነው፥ ዝናሙም ያው ነው፤ ልዩነቱ ዕረፍት ማግኘቱ ነው። እንግዲህ ኦሪት የተናገረችው የምድር ዕረፍት እንዲህ በመለኪያ ተመዝኖ ታየ።

ስለ ባሕር ዛፍ ደግሞ አንድ ነገር ልበል፤ ዝም ብል አልተናገረም ትላላችሁና። ባሕር ዛፍ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባ እንግዳ ነው። እንግዳ አይረገምም፤ ብዙ ጥቅም ሰጥቶናል። ቤታችን የተሠራው፥ ጣሪያችን የቆመው በእርሱ ነው፤ እርሱ ባይኖር ኖሮ ምጣድ ለማሞቅ ወይራውን በጨረስነው ነበር። መሬቷን ያጣች ደብርም ለዕጣንና ለዘቢብ፥ ለመምህር ቀለብ የምትሸጠው ሌላ ነገር ስላልነበራት ተከለችው፤ ይህን የሚነቅፍ ሰው በመጀመሪያ ዕጣኑን ይግዛ። ነገር ግን እንግዳ በእልፍኝ ይቀመጣል እንጂ ባለቤቱን ከአልጋው አያስነሣም። በገደሉና በተራቈተው ዳር ይተከል፤ በጥንቱ ዱር ውስጥና በምንጭ አጠገብ ግን አይተከል። ዳርቻው ዛሬ ባሕር ዛፍ ሆኖ ሳለ ዱራችን ሰፋ ማለትም ራስን ማታለል ነው።

በአንዳንድ አድባራት የሚደረግ አንድ ነገር ደግሞ ያሳዝነኛል። አንዲት ባልቴት አንድ ሸክም ጭራሮ ለቅማ ስትወጣ ተይዛ ትገሠጻለች፤ በዚያው ሳምንት ሦስት ትልልቅ ጽድ በቃለ ጉባኤ ተወስኖ፥ ማኅተም ተደርጎበት ይሸጣል። ጭራሮውን ዱሩ በዓመቱ ይመልሰዋል፤ ጽዱን ግን የልጅ ልጃችን እንኳ አያየውም። የመቃብሩም ነገር እንዲሁ ነው። ቀድሞ ሰው በዛፍ ሥር ተቀብሮ ድንጋይ ይደረደርበት ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ዛፍ ይበቅልበት ነበር። ዛሬ ሲሚንቶ ይፈስበታል፤ ለዘለዓለም ምንም አይበቅልበትም። ለሙታን ያለንን ፍቅር በሲሚንቶ ውፍረት የምንለካ ከሆነ ዱሩ በሕያዋን መጥረቢያና በሙታን ሐውልት መካከል ተይዞ ያልቃል።

ዱሩን ብቻ አጥሮ ከአጥር ውጭ ያለውን ሕዝብ መርሳትም ስምምነት አይደለም። በላይ ጋይንትና በታች ጋይንት፥ በስማዳም ስንት ቤት በእህል እጥረት እንደ ኖረ፥ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህም በሴፍቲ ኔት እርዳታ እንደ ተደገፈ እናውቃለን። የዚህ ችግር ሥሩ አንዱ እዚሁ ነው። ማገዶ ሲጠፋ ሴቶቻችን ኩበት ያነዳሉ፤ ኩበት ሲነድ እርሻው ፍግ ያጣል፤ ፍግ ያጣ መሬት እህል አይሰጥም፤ እህል ሲያንስ ሰው ቁልቁለቱን ያርሳል፤ ቁልቁለቱ ሲታረስ አፈሩ በክረምት ይሄዳል። አንዱ ጥፋት ሌላውን እየጎተተ እንዲህ ይወርዳል። እርከን ለመሥራት የወጣችሁ ሁሉ፥ በዚያ ድካም ድንጋይ የደረደራችሁ፥ ያደረጋችሁት ሥራ የእርዳታ ስንዴ ዋጋ ብቻ አይምሰላችሁ፤ የአዳምን ሁለቱን ግብር በአንድ ላይ ፈጽማችኋል። ሆኖም በበልግ የሠራነውን እርከን ጥር ላይ በከብት ማስረገጥ ምን ይሉታል?

አሁን ወደዚህች ደብር ነገር ልመለስ። ለበዓሉ መታሰቢያ አዳራሽ ይሠራ፥ ቦታውም እንዲገኝ ከምሥራቁ በር በኩል ያለው ዱር ይመንጠር የሚል ሐሳብ በጉባኤ ተነሥቷል፤ ውሳኔውም ከበዓሉ በኋላ ይሰጣል ተብሏል። ሐሳቡን ያመጡት ሰዎች ለቤተ ክርስቲያን የሚቀኑ ናቸው፤ ክረምት ሲመጣ ሰንበቴውና ጉባኤው በዝናም እንዳይበተን አስበው ነው፤ ይህን አልዘነጋም። ነገር ግን ከምሥራቁ በር በኩል ያለው የዱራችን ጥቅጥቅ ያለው ክፍል ነው፤ ጸበሉም ከበታቹ ይፈልቃል። አዳራሽ በሌላ ቦታ ይሠራል፤ ጸበል ግን በሌላ ቦታ አይፈልቅም። በምዕራብ በኩል የተራቈተው የባሕር ዛፍ ቦታ አለ፤ ባሕር ዛፉ ተቈርጦ ለአዳራሹ ማዋቀሪያ ይሁን፥ ቦታውም ለአዳራሹ ይሁን። እንግዳው ለቤቱ መሥሪያ ሆኖ ያገልግል።

ዳግመኛም በደቡብ ጎንደር ጥቂት አድባራት ዶክተር ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ የዛፍ ሊቅ ማርጋሬት ሎውማን ከካህናቱ ጋር ተማክረው በዱሩ ዙሪያ የድንጋይ ካብ አስከብበዋል። ድንጋዩን ያመጡት ገበሬዎቹ ከየእርሻቸው ለቅመው ነው፤ ስለዚህ እርሻው ከድንጋይ ጸዳ፥ ዱሩም ከከብት ዳነ፤ በአንድ ሥራ ሁለት ጥቅም ሆነ። የእኛ ገበሬ ድንጋይ አያጣም፤ ይህን ያህል ሀብት በእርሻችን ላይ ተዘርቶ ሳለ ስለ ካብ ገንዘብ የለም የሚል ሰው እንዳይነሣ እለምናለሁ። ካቡ ከዛፉ ሥር ሳይሆን ሃያ ክንድ ያህል ከዱሩ ወጣ ብሎ ቢካብ፥ በመካከሉ የሚቀረው መሬት ቀድሞ የነበረውን ቍጥቋጦ መልሶ ያበቅላል። ለዚህ ከእርሻቸው ጥግ የሚለቅቁ ጎረቤቶች ያስፈልጋሉ፤ ከሚለቅቁት መሬት የሚበቅለው ሣር በዓመት ሁለት ጊዜ በማጭድ እየታጨደ ለእነርሱ ለራሳቸው ከብት እንዲሰጣቸው ሰበካ ጉባኤው በጽሑፍ ቢያጸና ጉዳታቸው ይካሳል። በንግሥ ቀንም የእንግዶች በቅሎና ፈረስ ከካቡ ውጭ ይታሰር፤ ማብሰያውም ከዱሩ ይራቅ።

የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆችም እያንዳንዳቸው አንድ ዛፍ በስሙ ይወቁ። ዛሬ ብዙ ልጅ ሁሉንም እንጨት ይለዋል፤ ስሙን የማያውቁትን ነገር ደግሞ ሲጠፋ አያዝኑበትም። በዱራችን ውስጥ የጥቁር እንጨትንና የሎልን ቅጠል ለይተው የሚያውቁ አራት ወይም አምስት ሽማግሌዎች ቀርተዋል፤ ከእነርሱ ሁለቱ ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል። ልጆቹ ከቅዳሴ በኋላ እነርሱን ተከትለው ዱሩን ይዙሩ፤ የየዛፉን ስም፥ ፍሬው የሚበስልበትን ወር፥ ፍሬውን የምትበላውን ወፍ ይጻፉ፤ መዝገቡም በዕቃ ቤት ይቀመጥ።

መኸሩ በታኅሣሥ ይሰበሰባል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ እጃችን ከሥራ ያርፋል። ጉባኤው ከፈቀደ፥ ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ እያንዳንዱ ቤት በሳምንት አንድ ቀን ከእርሻው የለቀመውን ድንጋይ ይዞ ይምጣ፤ ካቡም ከጸበሉ በላይ፥ ከምሥራቁ በር ይጀመር። የጥበቡን ሥራ የሚያውቁ ሰዎች በየቤታችን አሉ፤ መስመሩን ለማስመር እኔም ከገበዙ ጋር በመጀመሪያው ቀን እገኛለሁ።